ከከተማ ዳር ባለ ጋለሪ የሙከራ ፊልምና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ምሽት አዘገጃጀት

የሙከራ ፊልም (ታሪክ ከመናገር ይልቅ ብርሃን፣ ቀለምና እንቅስቃሴ የሚያሳይ ፊልም) እና እዚያው በቅጽበት የሚፈጠር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ፒያሳ ወይም ቦሌ ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለ ምሽት የሚያምረው ዳር ላይ ነው ባይ ነኝ። አያትን አለፍ ብሎ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለቡ፣ ኮተቤ። ማታው ከመሀል ከተማው ይልቅ ይጨልማል። ግቢ ይገኛል። ዞማ ሙዚየምም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. በሩን የከፈተው መካኒሳ ነው፤ ሰው ግን እየተጠያየቀ ይሄዳል።

ይህን የምጽፈው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ላላቸው፣ አርባ ሃምሳ ሰው ለሚይዙ ትንንሽ ጋለሪዎች ነው። ስለ ዕቃ ብዙ እላለሁ። ከዕቃው በፊት ግን መወሰን ያለበት ምሽቱ ለማን ነው የሚለው ነው። ሰፈር ውስጥ ጋለሪ ከፍታችሁ ከመሀል ከተማ በመኪና ለሚመጡ ሃያ ሰዎች ብቻ የምታሳዩ ከሆነ፣ ዳር መውጣታችሁ ትርጉም የለውም። ምሽቱ በመጀመሪያ የጎረቤት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የተነሣ ነው።

ቀንና ሰዓት

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ምረጡ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ዝናብ ከጀመረ የፊልሙም የሙዚቃውም ድምፅ አለቀለት። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ላይም አታድርጉት። ሰው ጾም ላይ ሆኖ ሙዚቃ ቤት መግባት ይከብደዋል፤ ጎረቤትን እየጠሩ በማይመጣበት ቀን መጥራት ደግሞ አለመጥራት ነው። የዋዜማ ማታዎችንም ዝለሉ። ቅዳሜ ይሻላል።

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12፡00 ካለፈ በኋላ፣ 1፡00 ከመሆኑ በፊት ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ ለመጨለም ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ስለዚህ ሰው 12፡30 ይሰብሰብ፣ 1፡00 ላይ ጀምሩ፣ 2፡30 ላይ ጨርሱ። 2፡30 የምለው በታክሲ ምክንያት ነው። ዳር ላይ ከዚያ በኋላ ሚኒባስ እየሳሳ ይሄዳል፤ ወደ መገናኛ የሚመለሰው ተመልካች ልቡ መንገዱ ላይ ከሆነ ፊልሙን አያይም። ሁለት ሦስት የሰፈሩን ባጃጅ ነጂዎች አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ዋጋውንም ቁረጡና በሩ ላይ ለጥፉት።

አቅራቢያችሁ መስጊድ ካለ በዚያ ሳምንት የዒሻ አዛን ስንት ሰዓት እንደሚሆን ጠይቁ። በደረቁ ወራት ከምሽቱ 1፡15 እስከ 2፡00 ባለው ውስጥ ይውላል። ዕረፍቱን እዚያ ላይ አድርጉት። አዛኑ በዕረፍት ሰዓት ይሰማል፤ ሰጋጁም ሰግዶ ይመለሳል።

ወረዳና ጎረቤት

ለወረዳችሁ የባህል ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አስገቡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚጠበቀውን ሰው ብዛት፣ የሚታዩትን ፊልሞች ዝርዝር ጻፉበት። ግልባጭ ለአካባቢው ፖሊስ። ማህተም ያረፈበትን ቅጂ በዕለቱ በር ላይ የሚቆመው ሰው ይያዝ። ሳምንት ሲቀረው አትሂዱ፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ስጡት።

ጎረቤት ግን በደብዳቤ አይሆንም፤ ቤቱ ድረስ መሄድ ነው። ግድግዳ የሚጋሯችሁን፣ ከፊት ለፊት ያሉትን፣ ከኋላ ያሉትን። ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፦ «እትዬ፣ ቅዳሜ ማታ እኛ ጋ ፊልምና ሙዚቃ አለ። ትንሽ ድምፅ ይኖራል፣ 2፡30 ላይ እንጨርሳለን። እርስዎም ይምጡ፣ ወንበር ይዘንልዎታል።» ወንበሩን ደግሞ በእርግጥ ያዙ። ድምፁ ቢረብሽ የሚደወልበት ስልክ ተዉላቸው፤ ሙዚቃው መሀል ላይ ስልኩን የሚያነሳ ሰውም መድቡ። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ በብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ዘልቆ እንደሚሄድ አትርሱ።

ማስታወቂያውን ሱቁ በር ላይና ቴሌግራም ላይ አውጡ። አጻጻፉ ግልጽ ይሁን። «ኦዲዮቪዥዋል ልምምድ» ብሎ የጻፈ ሰው ጎረቤቱን ከወዲሁ መልሶታል። እንዲህ ብትጽፉ ይበቃል፦ «አጫጭር ፊልሞች። አብዛኞቹ ታሪክ አይናገሩም፤ ብርሃን፣ ቀለምና እንቅስቃሴ ናቸው። ከዚያ ሦስት ሙዚቀኞች ምስሉን እያዩ እዚያው ይጫወታሉ። ልጆች ይችላሉ። መግቢያ ነፃ ነው። ጋቢ ይዛችሁ ኑ።» ጋቢው ቀልድ አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ዳር ላይ ይበርዳል፤ የበረደው ሰው ደግሞ አይቀመጥም።

ክፍሉ

በዕለቱ ሰዓት፣ በጨለማ፣ መብራት አጥፍታችሁ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ። ቀን ላይ የማይታይ ብዙ ነገር ይታያል። የመንገድ መብራት በየት ይገባል? የጎረቤት ደጃፍ አምፖልስ? መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ወይም በጥቁር ላስቲክ ድርብ አድርጋችሁ ሸፍኑ። ወደ በርና ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ላይ ግን ወለል የምታበራ ትንሽ መብራት ትኑር።

ቀጥሎ አጨብጭቡ። አንዴ፣ ጠንከር አድርጋችሁ። ድምፁ ተንጫጭቶ ከተመለሰ ክፍሉ ያስተጋባል፤ የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ያለው ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ወለሉ ላይ ምንጣፍና ፍራሽ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ። እንደገና አጨብጭቡ። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ሰው ሲገባ ደግሞ የበለጠ ይለዝባል፤ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይውጣል።

ለስክሪን አቡጀዲ ይበቃል። ሁለት ድርብ አሰፉት፣ በደንብ ተኩሱት፣ ከላይና ከታች ዱላ የሚገባበት እጥፋት ይኑረው። የታችኛው ዱላ ክብደት ይወጥረዋል። በነጭ ቀለም የተቀባ ለስላሳ ግድግዳ ካለ ግን ጨርቁ አያስፈልግም።

ፕሮጀክተሩ

3,000 ሉመን (የብርሃኑ መጠን መለኪያ ነው) ያለው ተራ የቢሮ ፕሮጀክተር ለጨለመ ክፍል ከበቂ በላይ ነው። ከመከራየታችሁ በፊት ርቀቱን አስሉ። ብዙዎቹ ከስክሪኑ የሚርቁት የምስሉን ስፋት 1.5 እጥፍ ያህል ነው፤ 3 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ለማግኘት 4.5 ሜትር ወደ ኋላ መራቅ ያስፈልጋል። ክፍሉ አጭር ከሆነ ቅርብ ላይ ሆኖ ሰፊ ምስል የሚያወጣውን ዓይነት ጠይቁ።

ብዙ ሰው የማይነካው አንድ ማስተካከያ አለ። አብዛኞቹ ፕሮጀክተሮች ሜኑ ውስጥ ከፍታ ላይ ለሚገኙ ቦታዎች የተዘጋጀ ምርጫ አላቸው፤ ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ አብሩት ይላሉ። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በተለመደው ፍጥነቱ አምፖሉን በበቂ አያቀዘቅዝም፤ ማሽኑ ይግልና መሀል ላይ ራሱን ያጠፋል። ምርጫውን አብሩት። ማራገቢያው ሲፈጥን ይጮኻል፤ ስለዚህ ፕሮጀክተሩን ሰው ጆሮ ሥር አታስቀምጡት። ከኋላ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይሁን። ሲያልቅም ማራገቢያው እስኪቆም ከሶኬት አትንቀሉ።

ፊልሞቹን ከኢንተርኔት ላይ አታጫውቱ። ሁሉንም ላፕቶፑ ላይ ገልብጡ፣ በቅደም ተከተል ቁጥር ስጧቸው፣ እያንዳንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው ፕሮጀክተር ላይ እዩ። ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፊልም ሲከፍት የፋይሉን ስም ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት። የቴሌግራም መልእክት ብቅ እንዳይል ኢንተርኔቱን ዝጉ። የድሮ ፊልም ምስል ጠበብ ያለ ነው፤ ስክሪን ለመሙላት ብላችሁ አትለጥጡት። በፊልምና በፊልም መሀል አሥር ሴኮንድ ጥቁር አስገቡ። ዓይን ማረፍ አለበት።

ፊልም መምረጥ

ከአርባ ደቂቃ አታስበልጡ። አምስት ስድስት አጫጭር ፊልም። እንዲህ ያለ ፊልም አይቶ ለማያውቅ ሰው ሦስት ደቂቃ ሙሉ ነገር ነው። በእጅ የተሣለ ወይም የተፋቀ ፊልም መጀመሪያ አድርጉ፤ ልጁም አዛውንቱም እጅ የሠራውን ነገር ያውቀዋል። አዲስ አበባን የሚያሳይ ሥራ ቢያንስ አንድ ይኑር። አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተማሩ ወጣቶች ቪዲዮ ይሠራሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ኢሜይልም ቴሌግራምም ይሁን፣ ፊልሙን፣ ቀኑንና ቦታውን የሚጠቅስ አንድ መልእክት። ዝግጅቱ ነፃ ቢሆንም ለሕዝብ ማሳየት ፈቃድ ይፈልጋል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚለውም ይህንኑ ነው። ትንሽም ቢሆን ክፈሉ። አንድ ነገር ላይ ደግሞ ጥብቅ ሁኑ፦ ድምፅ አልባ ሆኖ የተሠራ ፊልም ላይ፣ ሠሪው ሳይፈቅድ፣ ሙዚቃ አትጫወቱ። ዝምታው የሥራው አካል ነው።

ብልጭ ድርግም የሚል ፊልም ካለ በር ላይ ጻፉት፣ ከመጀመሩ በፊትም በቃል ተናገሩ። በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚበርቅ ብርሃን የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላል። ልጆች ፊት ከተቀመጡ ያን ፊልም ከነጭራሹ ብትተዉት ደስ ይለኛል።

ከሰዓት በኋላ፦ ራጅ መፋቅ

ከሁሉ በላይ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ምሽት ላይ ሙዚቀኞቹ የሚጫወቱበትን ምስል ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ይሥሩት።

የሚያስፈልገው ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ነው፤ መስታወቱ ላይ የተቀመጠን ነገር በመብራት አጉልቶ ግድግዳ ላይ የሚያሳየው የድሮ የትምህርት መሣሪያ። ብዙ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ርእሰ መምህሩን አነጋግራችሁ ተዋሱ። ፊልሙ ደግሞ ቤት ውስጥ አለ። የማይፈለግ የድሮ ራጅ በየቤቱ ከአልጋ ሥር ወይም ከፍራሽ ሥር አይጠፋም። ባለቤቱን ጠይቃችሁ ውሰዱ። መጀመሪያ ስምና የካርድ ቁጥር ያለበትን ጠርዝ በመቀስ ቁረጡና ለባለቤቱ መልሱ።

ከዚያ ልጆቹ በምስማር፣ በመርፌ፣ በአሸዋ ወረቀት ይፋቁት። ብዙዎቹ የድሮ ራጆች በሁለቱም ፊት የተቀቡ ናቸው። አንዱን ፊት ብቻ የፋቀ ልጅ ግራጫ መስመር ያገኛል። ገልብጦ በዚያው መስመር ላይ ሲፋቅ ግን መስመሩ ይከፈታል፤ ፈዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ያልፋል። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ይድረሱበት፤ አትንገሯቸው። መብራቱ ላይ ሲያደርጉት የእጃቸው ጭረት ሦስት ሜትር ሆኖ ግድግዳው ላይ ይዘረጋል፤ ከሥሩ የአንድ ሰው የጎድን አጥንት ይታያል። ለቀለም ደግሞ ዝርግ የመስታወት ሳህን ውኃ ሞልታችሁ መስታወቱ ላይ አስቀምጡ፣ የምግብ ቀለምና ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉበት። ቀለሙ ውኃው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ዘይቱ ደግሞ ክብ ክብ ሆኖ ይንሳፈፋል። ውኃና መብራት አብረው ስለሆኑ ሳህኑን የሚነካው ትልቅ ሰው ብቻ ይሁን።

ሙዚቀኞቹና መሣሪያቸው

ሦስት ሰው ይበቃል። አምስት ከሆኑ ሁሉም ይጫወታል፣ ማንም አይሰማም። ጥሩ ጥምረት የምለው፦ አንድ ላፕቶፕ ወይም ሲንተሳይዘር፣ አንድ መሰንቆ ወይም ክራር በዲሌይ (ድምፁን እያዘገየ በሚደግም መሣሪያ) በኩል፣ አንድ የተገኘ ዕቃ፣ ማለትም ለሙዚቃ ያልተሠራ ነገር፣ የሚጫወት። መሰንቆ የሚጫወተው አዝማሪ ቢሆን እሰየው። እዚያው ፈጥሮ መጫወት የአዝማሪ የዕለት ሥራው ነው፤ «ተቀበል» ሲባል የሚቀበል ሰው ምስልንም ይቀበላል። የላፕቶፑ ተጫዋች መሰንቆው በምን ቅኝት እንደሚጫወት አስቀድሞ ይወቅ፤ ትዝታ ላይ ያለን መሰንቆ ከሌላ ድምፅ ጋር ማጋጨት የሚቻለው ታውቆ ሲሆን ነው። በገናን ግን በዘፈቀደ አታስገቡ። የእንዚራው (አውታሩ ሥር የሚገባው ቆዳ) ንዝረት ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የተሠራ ይመስላል፤ ቢሆንም የጸሎት መሣሪያ ነው። ውሳኔው የደርዳሪው ነው።

ለተገኙ ዕቃዎች በጣም ርካሽ ማይክ በእጅ ይሠራል። የአሻንጉሊት ወይም የማንቂያ ደወል ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል፣ ዳሯ ነሐስ፣ መሀሏ ነጭ የሆነች ዝርግ ነገር አለች፤ ፒዬዞ ይሏታል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልጉ። የኬብሉ መሀል ሽቦ ነጩ ላይ፣ ዙሪያውን የከበበው ሽቦ ነሐሱ ላይ ይበየዳል፤ በሌላው ጫፍ ትልቁ ጃክ። ሬድዮ ጠጋኝ ጋ ብትወስዱት ወዲያው ይሠራላችኋል፤ ነጩ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ሙቀቱ እንዳይቆይበት ንገሩት። በፕላስተር ጠቅልላችሁ የሙቀጫ ጎን፣ የብረት ምጣድ፣ የግቢ በር ላይ ለጥፉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ እሱም ላይ። ሚክሰሩ ላይ ስትሰኩት ድምፁ ከቀጠነና ቤዝ ካጣ መጀመሪያ በጊታር ፔዳል በኩል አሳልፉት፤ ይሞላል።

ስፒከሮቹን ስክሪኑ ሥር አትደርድሩ። ሁለቱን ከተመልካቹ ግራና ቀኝ፣ በተቀማጭ ሰው ጆሮ ቁመት አድርጓቸው። ያኔ ድምፁን ሳታጮኹ ሁሉም ይሰማል። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ ጫኑ። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ እየቀነሰ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ሕፃን ባለበት ክፍል ከ85 አትለፉ። ሙዚቀኞቹ በጎን፣ ወለል ላይ ይቀመጡ፤ የላፕቶፑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ቀንሱት።

ልምምድ አያስፈልግም፤ ስምምነት ግን ያስፈልጋል። ጨዋታው ሃያ ደቂቃ ነው እንበል። ማን ይጀምራል? ማን ያቆማል? አንድ ሰው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ? ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምስሉን ማጀብ ግዴታ እንዳልሆነ መስማማት ነው። ምስሉ ሲፈጥን ሙዚቃው ቀስ ማለት ይችላል። ዝም ማለትም መጫወት ነው፤ ይህን በግልጽ ካልተነጋገራችሁ ማንም ዝም አይልም።

መብራት ቢጠፋ

ይጠፋል ብላችሁ አስቡ። ፕሮጀክተር 300 ዋት፣ ላፕቶፕ 65፣ ሁለት ስፒከር በልከኛ ድምፅ ቢበዛ 300። ሁሉም ከአንድ ኪሎዋት በታች ነው፤ ትንሽ ጀነሬተር ይሸከመዋል። ከክፍሉ አርቃችሁ፣ ከግድግዳ ጀርባ፣ ጭሱ ወደ ሰው በማይሄድበት አቁሙት። ለፕሮጀክተሩ ዩፒኤስ ካገኛችሁ ጀነሬተር እስኪነሣ ይይዝላችኋል። ኦቨርሄዱ ብዙ ዋት ስለሚበላ ጀነሬተር ላይ ስትሆኑ እሱንና ፕሮጀክተሩን በአንድ ጊዜ አታብሩ።

ስፒከሩ ውስጥ «እ-ም-ም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከሰማችሁ የ50 ኸርዝ የመብራት ድምፅ ነው። ሚክሰሩን፣ ላፕቶፑንና ስፒከሮቹን ከአንድ ሶኬት በወጣ ማከፋፈያ ላይ ሰብስቧቸው። ካልጠፋ ላፕቶፑን በባትሪ አሠሩት። የድምፅ ገመድና የመብራት ገመድ ጎን ለጎን አይሂዱ። የግራውንድ ሽቦ መቁረጥ የሚመክራችሁ ሰው ካለ አትስሙት፤ ሰው ይገድላል።

ምሽቱ

ቆሎና ዳቦ፣ ሻይ፣ ቡና። ሁሉም የጾም ይሁን፤ ማንንም አያገልም። ልጆች ፊት ፍራሽ ላይ፣ አዛውንት በር አጠገብ ወንበር ላይ።

መክፈቻ ንግግር ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው ሐሳብ ካለ የሐሊም ኤል ዳብን ነገር ንገሯቸው። በ1944 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ፣ ግብፃዊው ወጣት የዛር ሥርዓት ድምፅን ቀጭን ሽቦ ላይ በሚቀዳ መሣሪያ ቀድቶ፣ ድምፁን በማስተጋቢያ ክፍል ውስጥ እያሳለፈ ለወጠው። በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች አንዱ ሆነ። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲው የባህል መሣሪያዎችን ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሟል። ዛርን ለማያውቅ ሰፈር አይደለም የምትነግሩት።

ከዚያ መብራት አጥፉ። መጀመሪያ ፊልሞቹ፣ ቀጥሎ ዕረፍት፣ በመጨረሻ የራጆቹ ምስል ከሙዚቃው ጋር። ራጁን እየቀያየሩ መስታወቱ ላይ የሚያስቀምጡት የፋቁት ልጆች ራሳቸው ይሁኑ፤ አንድ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይቁም። ሰው ተነሥቶ ቢወጣ አትከልክሉት፣ በዓይንም አትከተሉት። ሲያልቅ «ምን ተረዳችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ፈተና ይሆናል። «ምን አያችሁ? ምን ሰማችሁ?» በሉ። ለመናገር የመጀመሪያውን ዕድል ለጎረቤት ስጡ፤ አርቲስቶቹ በኋላ ይናገራሉ።

በማግስቱ

ጠዋት ጎረቤቶቹ ጋ ሂዱና ድምፁ እንዴት እንደነበር ጠይቁ። የተባለውን ጻፉት፤ የሚቀጥለው ጊዜ የድምፅ ልካችሁ እሱ ነው። ኦቨርሄዱን ጠርጋችሁ ለትምህርት ቤቱ መልሱ። ለፊልም ሠሪዎቹ ገንዘባቸውን ስትልኩ ስንት ሰው እንዳየና ምን እንደተባለ ሁለት መስመር ጨምሩ። የሙዚቃው ቅጂ ለሦስቱም ሙዚቀኞች ይድረስ፤ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ሦስቱም ሲስማሙ ብቻ ነው። የተፋቁትን ራጆች ደግሞ ልጆቹ ይውሰዷቸው።